ምድጃው የማን ነው

እናቴ ሐልዋ የሚባለውን ጣፋጭ የምትሠራበት ቤት ጅግጅጋ ውስጥ፣ የአውበሬ መኪኖች ሰው ከሚጭኑበት ቦታ ጀርባ ነበር። ነበር ማለቴ ቤቱ ፈርሶ አይደለም። እዚያው ቆሟል፤ ዛሬም ሐልዋ ይሠራበታል። እዚያ የሌለነው እኛ ብቻ ነን።

ሐልዋ ሲሠራ አይቶ የማያውቅ ሰው ስኳር ቀቅሎ ማቀዝቀዝ ይመስለዋል። አይደለም! ስኳሩ ሲንተከተክ በውሃ የተበጠበጠው ስታርች ይፈስበትና ማማሰል ይጀመራል፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ቢጮህ፣ ሰው ቢጠራ፣ እንግዳ ቢመጣ ማማሰል አይቆምም። ማማሰያው ከእኔ ቁመት ይረዝማል። እሳቱ ወደ አንድ ጎን ካደላ ሥሩ ይይዛል፣ ሥሩ የያዘ ሐልዋ ደግሞ ሄል ብታበዛበት፣ ገውዝ ብትፈጭበት የማረር ሽታው አይለቀውም። ለኒካህ ያዘዙ ሰዎች አንዴ ከቀመሱት ደግመው አይመጡም። ስለዚህ የሐልዋ ነገር ሁሉ የምድጃ ነገር ነው።

የእኛን ምድጃ እናቴ ከሐረር ግንበኛ አስመጥታ ነው ያሠራችው። ቤቱ ከዚያ በፊት የቆዳ መጋዘን ስለነበር ሽታው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እናቴና እኔ በኖራ ቀብተን ቀብተን ነው ያስለቀቅነው። ግንበኛው በድንጋይና በሸክላ ጡብ ሠራው፤ ድስቱ እስከ ወገቡ ውስጥ ይገባል፣ ጭሱ በጣሪያው በኩል በቱቦ ይወጣል። ሲጨርስ እናቴ እሳት አንድዳ፣ ውሃ ጥዳ፣ ውሃው የቱ ጋ ቀድሞ እንደሚፈላ አጎንብሳ አየች።

«በግራ ነው የፈላው» አለችው።

«እትዬ፣ ውሃ እኮ ነው፣ የትም ይፈላል!»

«አፍርሰው።»

አፈረሰው። ሁለተኛው ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ፈላ። እናቴ ያን ቀን የተደሰተችውን ያህል ስትደሰት አላየሁም።

የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ሰው ነበሩ። አዎዌ እላቸው ነበር፤ በሶማሊኛ አያቴ እንደማለት ነው። ሚስታቸውን ደግሞ አዬዮ፣ ሴት አያት። ወላጆቼ ከድሬዳዋ ስለመጡ ጅግጅጋ ውስጥ የሥጋ አያት አልነበረኝም፤ ያሉኝ እነሱ ነበሩ። የኪራዩ ውል የተደረገው በረንዳቸው ላይ፣ የሰፈር ሽማግሌዎች ተጠርተው፣ ሻይ እየተጠጣ ነው። እኔ እናቴ አጠገብ ነበርኩ። አዎዌ ጢማቸውን በሄና ያቀሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ።

«ምድጃውን በገንዘብሽ ገንቢ» አሏት። «የገነባሽው ያንቺ ነው። ሐልዋ እስከሠራሽ ድረስ ከዚህ ቤት የሚያስወጣሽ የለም። እኔም፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣውም።»

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። አሚን ተባለ። ውሉ ይኸው ነው፤ በዚህ አለቀ።

አባቴ ውሃ ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ያኔ ደምበል ወረዳ ተመድቦ ነበር። ማታ ደወለ።

«ተጻፈ?»

«ምኑ?» አለች እናቴ።

«ውሉ ነዋ!»

«ሰውየው ሽማግሌ ሰብስበው፣ ዱዓ አስደርገው፣ እኔ ‹ወረቀቱስ?› ልበላቸው? አላመንኩዎትም ማለት እኮ ነው።»

«ማመን አለማመን አይደለም። የሰው ዕድሜ እኮ…»

«እና በቁማቸው ሞታቸውን ላስፈርማቸው?»

መስመሩ ተቋረጠ። የደምበል ኔትወርክ ሁልጊዜ የሚቋረጠው አባቴ ትክክል ሲሆን ነው።

እናቴን ሞኝ ናት የሚል ሰው ጅግጅጋን አያውቅም። እዚህ ከተማ ነጋዴ ከሌላ ከተማ በስልክ ብቻ ዕቃ ያዛል፣ ዕቃው ይመጣል። ሰው ቃሉን ካጠፈ ጎሳው ያፍርበታል፣ ገበያውም ይሸሸዋል። ወረቀት የሚፈልግ ሰው ልቡ ንጹሕ አይደለም ይባላል። እናቴ ይህን የተማረችው ከኖረችበት ነው። ያልተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ቃል የሚያስረው የተናገረውን ሰው ብቻ መሆኑን ነው። ሰውየው ሲሄዱ ቃሉም አብሮ ይሄዳል፤ ቤቱ ግን ይቀራል፣ ወራሽም ይመጣል።

አዎዌ እኔ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ሞቱ። ለቅሶው ላይ እናቴ ከአዬዮ ጎን አልተለየችም። ልጃቸው ከጅቡቲ መጣ፤ ብዙ ዓመት እዚያ የኖረ፣ አማርኛ የሚናገር ግን ማንበብ የሚያስቸግረው፣ ትሑት ሰው ነበር። ትሑት የሚለውን አልሰርዘውም፤ እውነት ነው። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ ወደ ሴቶቹ በኩል በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ይዞ ገባና እናቴ ፊት በርከክ አለ።

«ኢዶ» አላት። አክስቴ ማለቱ ነው። «ይቅርታ፣ ጊዜው አይደለም። ግን ይሄ ለገቢዎች ነው። የአባቴ ስም ይዘጋል። በእኔ ስም ውል ከሌለ እኔን አያስተናግዱኝም፣ አንቺም ንግድ ፈቃድሽን ማደስ አትችይም።»

«ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ! ኮምፒውተር ቤት ያሉት ልጆች ናቸው ያወጡት። ለገቢዎች ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ወላሂ ኢዶ።»

እናቴ አማርኛ ጥርት አድርጋ ታነባለች። የስኳር ጆንያ እንኳን ጽሑፉን ሳታይ አትገዛም። ያን ቀን ግን አዬዮ ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ጥለው ያለቅሱ ነበር፤ ሴቶቹ ሁሉ ያያሉ። በሰው ለቅሶ መሃል መነጽር አውጥታ አንቀጽ ታንብብ? አዬዮን በአንድ እጇ እንዳቀፈች በሌላው ፈረመች። ምስክሮቹም እዚያው ለቅሶ ላይ የነበሩ ሰዎች ሆኑ። ወረቀቱ አንድ ኮፒ ተሰጣት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ፈቃዷን አሳደሰችበት፣ ረሳችው።

ዓመቱ ሲሞላ የአዎዌ ልጅ ሱቅ መጣ። እናቴ እያማሰለች ነበር፣ እኔ ኦቾሎኒ እፈለፍላለሁ።

«ኢዶ፣ ውሉ በዚህ ወር ያልቃል» አለ።

«የቱ ውል?»

«የፈረምሽው።»

«እሱማ የገቢዎች ነው።» ማማሰሏን አላቆመችም።

«ውል ውል ነው ኢዶ። ወንድሞቼ ቤቱን እንፈልገዋለን ብለዋል። እኔ ብቻዬን አይደለሁም።»

«ምን ሊሠሩበት?»

ምድጃውን አየ። መልሱን እናቴ ራሷ አገኘችው።

«ሐልዋ?»

«ከጅቡቲ የሚሠራ ሰው ይመጣል» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

እናቴ ሳቀች። ደህና ሳቅ ነበር፣ የቀልድ። «ምድጃው የኔ ነው እኮ! በምን ላይ ሊሠራ ነው ሰውየው? በክብሪት?»

«ወረቀቱን አንብቢው ኢዶ። አንቀጽ ስድስት። እኔም ያስነበብኩት አሁን ነው።»

ከቦርሳዋ ፈልጌ አውጥቼ እኔ አነበብኩት፦ ተከራይ በቤቱ ላይ የሠራው ማንኛውም ግንባታ፣ ጥገናና ማሻሻያ ውሉ ሲያበቃ ያለምንም ካሳ የአከራይ ንብረት ይሆናል። አንቀጽ ሁለት ደግሞ የውሉ ዘመን አንድ ዓመት ነው ይላል። የመጨረሻው አንቀጽ ከዚህ በፊት የተደረገ ማንኛውም ስምምነት በዚህ ውል ተተክቷል ይላል። በረንዳው፣ ሻዩ፣ ዱዓው፣ አዎዌ ራሳቸው፣ ሁሉም በዚያች መስመር ተሰርዘዋል። ኮምፒውተር ቤት ያሉት ልጆች ያቺን ቅጽ ለፀጉር ቤቱም፣ ለመድኃኒት ቤቱም፣ ለሁሉም ነው የሚያወጡት። ስም ብቻ ነው የሚቀይሩት። እኛን ሊጎዳ ብሎ የጻፋት ሰው የለም፣ ይሄ ነው የሚያበግነኝ!

እናቴ ማማሰሏን አቆመች። ሥሩ ሲይዝ ሸተተን። ሮጬ ማማሰያውን ያዝኩ፣ ግን አልፎ ነበር። ያን ቀን ድስት ሙሉ ሐልዋ ደፋን።

እኔ ያኔ የማልጽፈው ነገር አልነበረም። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበበልኝ ወዲህ እጄ ላይ እስክሪብቶ ካለ ዓለምን የማስተካክል ይመስለኝ ነበር። «ጠበቃ አያስፈልገንም፣ አቤቱታውን እኔ እጽፈዋለሁ» አልኩ፤ እናቴም የልጇ ነገር ሆኖባት እሺ አለች። አራት ገጽ ጻፍኩ። ግንበኛው ምድጃውን ሲያፈርስ፣ እናቴ አጎንብሳ ውሃውን ስታይ፣ አዎዌ በዝግታ ሲናገሩ፣ ሁሉንም። ስጽፈው አልቅሻለሁ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኛል።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ። ወረቀቱን ሰጠነው። እስከ መጨረሻው አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ጎበዝ። አስለቀስሽኝ።» አላለቀሰም። «እሺ፣ ዳኛው ምን እንዲወስንላችሁ ነው የምትፈልጉት?»

እናቴና እኔ ተያየን። አራት ገጽ ሙሉ የምንጠይቀውን ነገር አልጻፍኩትም ነበር!

«እንዳንወጣ» አልኩ። «ካስወጡንም የምድጃውን ካሳ።»

«እሱ የታለ? እዚህ ያለው የሽማግሌው ጢም ነው። ጢሙ ቀይ መሆኑ ለክሱ ምን ይጠቅማል? ደግሞ ደራሲዋ፣ እዚህ ፍርድ ቤት የሚሠራው በሶማሊኛ ነው።»

ወደ ሶማሊኛ መለሰው። አራት ገጼ ግማሽ ገጽ ሆነ። እናቴ ሽማግሌዎቹ ለመመስከር ፈቃደኛ መሆናቸውን ነገረችው። እውነትም ነበሩ፤ አንዱ ከአውበሬ ድረስ ለመምጣት ቃል ገብተው ነበር።

«በምን ላይ ነው የሚመሰክሩት?» አላት። «ፈርመሻል። የፈረምሽው ወረቀት በሰው ምስክር አይፈርስልሽም፣ ሕጉ አይፈቅድም። ያውም ወረቀቱ ከዱዓው በኋላ የመጣ ነው።»

እናቴ ተነስታ ልትሄድ ስትል እጁን አነሳ።

«ቆይ። አንድ በር አለ። መሐላ። ልጁ ይማልልኝ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። አባቱ ምድጃው ያንቺ ነው ማለታቸውን እንደማያውቅ፣ ወረቀቱንም ለገቢዎች ነው ብሎ እንዳላስፈረመሽ፣ ቁርአን ይዞ ይማል። ማለ? ረታሽ። አልምልም አለ? ረታሽው።»

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ በመንገዱ ሁሉ ስታወራ ነበር። ልጁ አይምልም። እንዴት አድርጎ ይምላል? ራሱ በርከክ ብሎ፣ ሴቶች ሁሉ እየሰሙ ያለውን? ለቅሶው ላይ ወላሂ ያለው ራሱ አይደል! ሙዝ ገዛችልኝ። ለአባቴ ደወለች፣ መስመሩም ለጉድ አልተቋረጠም። ለሚቀጥለው ሳምንት ሰርግ ትእዛዝ ተቀበለች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አዬዮ ቤታችን መጡ። ከቤታቸው ብዙ አይወጡም፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ምንጣፉ ላይ እስኪቀመጡ ጠበቅን። የሚናገሩት በሶማሊኛ ነው፤ እናቴ በደንብ ትሰማለች፣ እኔ ደግሞ ከእናቴም በላይ።

«ማመልከቻ ጸሐፊው ለሰው አወራ፣ ሰው ለእኔ አወራ» አሉ። «ልጄን ቁርአን ልታስይዥው ነው አሉኝ።»

«እውነቱን ከተናገረ ምን ይሆናል አዬዮ?» አለች እናቴ። «እርስዎም ለቅሶው ላይ ሰምተዋል። ትከሻዬ ላይ ነበሩ።»

«ሰምቻለሁ። የሟቹንም ቃል ሰምቻለሁ፣ ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ። ለልጆቼ ነገርኳቸው። ‹እናቴ፣ አንቺ ስለ ንግድ ምን ታውቂያለሽ› አሉኝ።»

«ታዲያ እሱ…»

«ይምላል» አሏት። «ወንድሞቹ ይዘውታል። ልቡ እየተቃጠለ ይምላል። የወለድኩትን አውቀዋለሁ። ቤት ይሄዳል፣ ይመጣል። በሐሰት ቁርአን የያዘ ልጅ ግን ምን ሆኖ ይኖራል? ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ይሄንን በቁሙ አታስቀብሪኝ።»

እኔ አላስቻለኝም። «እርስዎ ለምን ፍርድ ቤት መጥተው አይናገሩም? እዚያ ነበሩ!»

«ነያ!» አሉኝ፣ አንቺ ልጅ ማለት ነው፤ እንደዚያ ጮኸውብኝ አያውቁም። «እናት ልጇ ላይ ትቁም?»

እናቴ በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ። ከዚያ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ምድጃዬን፣ ልፋቴን፣ ስሜን ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«እሺ» አለች።

አዬዮ እጇን ስመው አለቀሱ። ሲወጡ ደግፋ እስከ ባጃጁ ሸኘቻቸው፤ ሒሳቡንም እሷ ከፈለች! ስትመለስ ጮህኩባት።

«ለምን? ለምን እሺ አልሽ? አንድ በር ነበረን እኮ!»

«እሱ ከማለ እንደሆነ ምድጃውም አይመለስም።»

«ካልማለስ?»

«እናቱ ይምላል አሉ።»

«ቢዋሹስ? ልጃቸውን ሊያስጥሉ ቢያወሩስ?»

እናቴ ይህን አስባው እንደነበር ፊቷ ላይ አየሁ። «ቢዋሹም» አለች፣ «ለልጃቸው ነው የዋሹት።»

ችሎቱ ሻይ ጠጥቶ ከመጨረስ አልረዘመም። ዳኛው ፊርማሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። ነው አለች። ሌላ የጽሑፍ ማስረጃ አለሽ? የለኝም። መሐላ ትጠይቂያለሽ? አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ሲመልሰው ሳይጨርስ አልጠይቅም አለች፤ ጥያቄውን በሶማሊኛ ቀድማ ሰምታው ነበር። ልጁ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ያ አስተያየቱ እስካሁን አይገባኝም። ምናልባት ባይምል ነበር። ምናልባት ይህንኑ ሊላት ነበር። ከዚያ አጎነበሰ፣ ውሳኔው ተነበበ፦ ቤቱን እንድትለቅ፣ ምድጃው ባለበት እንዲቀር።

የምንለቅ ቀን እናቴ ከጎረቤት መዶሻ ተውሳ ነበር። ማመልከቻ ጸሐፊው ሰምቶ ሮጦ መጣና፣ «ካፈረስሽው በንብረት ማውደም ትከሰሻለሽ፣ የሰው ንብረት ነው አሁን» አላት። የሰው ንብረት። መዶሻውን መለስን። ድስቱን አወጣን፣ እሱ ግንባታ አይደለምና የእኛ ነው። እናቴ ምድጃው ውስጥ የቀረውን አመድ በእጇ ጠራርጋ አወጣች። ምድጃን ከነአመዱ መስጠት ነውር ነው አለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ስድብ አሰብኩ፣ ጥሩ ጥሩ ስድብ፣ በሁለት ቋንቋ፤ የምሰድበው ሰው ግን አልነበረም። ልጁ ቁልፉን ለመቀበል እንኳን ሰው ነው የላከው።

አባቴ ከደምበል ሲመጣ «ብያችሁ ነበር» አላለም። ቢለው ይሻል ነበር። ወደ ኤረር ሊያዛውሩት ነው፤ ከእኔ ጋር ኑ አላት፣ እዚያ ሐልዋ የሚሠራ የለም አላት። አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

አሁን በከተማው ሌላ ጫፍ ጠባብ ሱቅ ተከራይታለች። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። «ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ጎረቤት አይደለንም?» ሲሉ እኔ ከኋላዋ ብቅ ብዬ «ጋሼ፣ እኔ ጽፌዋለሁ» አልኳቸው። በአማርኛና በሶማሊኛ፣ ጎን ለጎን። የውሉ ዘመን አምስት ዓመት። ባለቤቱ ቢለወጥም ወራሽን እንደሚያስር። ተከራይዋ በራሷ ወጪ የገነባችው ሁሉ የራሷ እንደሆነ፣ ነቅላ መውሰድ የማትችለው ከሆነም በግምት እንደሚከፈላት። በዚህ ውል ዙሪያ ሌላ ወረቀት ቢፈረም ይህን ካልጠቀሰ ዋጋ እንደሌለው። እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጋሼ ሰሙ፣ «ደህና ነው፣ ያለ ነገር ነው» አሉ፣ ፈረሙ። አልተቆጡም። አላፈሩም። የፈራነው ነገር ይሄ ነበር? ይሄን ያህል ቀላል ነበር? ለሰነዶች ማረጋገጫ ስንሄድ ሠራተኛዋ «ጠበቃ ነው የጻፈላችሁ?» አለች፤ እኔ ከደስታ የተነሳ ደረጃውን ዘልዬ ወረድኩ።

«እማዬ፣ አሁን መገንባት ትችያለሽ! ማንም አይነካሽም። ግንበኛው ስልኩ አለኝ፣ ልደውልለት?»

«በጣም ጥሩ ጽፈሻል» አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው፣ ፀጉሬን ነካ አድርጋ። «ግን እኔ እዚህ ምንም አልገነባም።»

«ዛሬ ማለትሽ ነው?»

መደርደሪያውን መወልወል ቀጠለች። ሳሙና፣ ተምር፣ ብስኩት፣ የሞባይል ካርድ ትሸጣለች። ዕቃ ሲመጣ ትቀበላለች፣ ሲያልቅ ታዛለች። ትልቁ ድስት ጓዳ ውስጥ ተደፍቶ ሽንኩርት ይቀመጥበታል። እጇ ላይ የነበረው የማማሰያ ምልክት ለስልሷል።

ባለፈው አንዲት ወይዘሮ ጠይቃ ጠይቃ አገኘቻት። የልጇ ኒካህ ደርሷል፣ ለታላቋ ልጇ ሐልዋ የሠራችላት እናቴ ነበረች። «ኢዶ፣ ያንቺን ነው የምፈልገው» አለቻት፣ «ስንት ሰፈር ዞርኩ መሰለሽ!»

«አልሠራም አሁን» አለች እናቴ። «የድሮው ቤት ሂጂ። የአውበሬ መኪኖች ጀርባ።»

«የነሱ እንዴት ነው? ደህና ነው?»

እናቴ ብስኩቱን እየደረደረች ትንሽ አሰበች።

«ምድጃው ጥሩ ነው» አለቻት።